ስለ ዱር አህያና ስለ የሄብ ቍጥቋጦ፤ የበረሃን ሀብት ስለ መጠበቅ

በአገራችን አህያን የማያውቅ ሰው የለም። እህል ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ የሚያደርስ፥ ውሃና ዕንጨት የሚያመላልስ እርሱ ነው። ነገር ግን የዚህ የቤት አገልጋይ ዘሩ ከወዴት እንደ መጣ፥ የቀድሞ ወገኑም ዛሬ በምን ሁኔታ እንዳለ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የሊቃውንት ምርመራ እንደሚያስረዳው የቤት አህያ አባት የአፍሪካ የዱር አህያ ነው፤ ሰዎችም በአፍሪካ ምድር ለማዳ ያደረጉት ከ7000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ይህ የዱር አህያ ዛሬ ተርፎ የሚገኘው በተለይ በኢትዮጵያ በአፋር በረሃና በኤርትራ በደንከል ምድር ነው፤ ቍጥሩም በጥቂት መቶዎች ብቻ ይገመታል። ልጆቹ በየደጁ ሞልተው ሳሉ አባታቸው ሊጠፋ ተቃርቧል ማለት ነው።

ስለዚህ መምህራንና የአገር ሽማግሎች ለልጆችና ለመንደሩ ሰው ያስረዱ ዘንድ፥ ስለዚህ እንስሳና አብሮት ስለሚጐዳው የበረሃ ቍጥቋጦ ከዚህ ቀጥሎ ባጭሩ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በረሃ ባዶ ምድር አለመሆኑ

ብዙ ሰው በረሃን ምንም የሌለበት ባዶ ምድር አድርጎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። በረሃ ዝናሙ ያነሰ፥ ሙቀቱ የበረታ ስለ ሆነ፥ በዚያ የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ አንዱ በሌላው ተደግፎ ይኖራል። ግራርን ተመልከቱ። ቅጠሉ ደቃቅ የሆነው ውሃው በፀሐይ ቶሎ እንዳይተንበት ነው፤ ሥሩ ወደ ጥልቅ የወረደው ከታች ያለውን እርጥበት ለመፈለግ ነው። ከጥላው በታች አፈሩ ስለሚቀዘቅዝ ሣር ይበቅላል፤ በሣሩም አፈሩ ከነፋስ ይጠበቃል። አውሬውና ከብቱ ፍሬውን በልተው ሩቅ አገር በፋንድያቸው ይጥሉታል፤ ዘሩም በዚያ ይበቅላል። እንግዲህ ቍጥቋጦው ሲቈረጥ ሣሩ ይደርቃል፥ አፈሩም በነፋስ ይወሰዳል፥ እንስሳውም ይሰደዳል፤ እንስሳው ሲሰደድ ደግሞ ዘሩን የሚያደርስ ይጠፋል። አንዱን ስንነካ ሌላውን እንደነካን እናስተውል።

ስለ ዱር አህያ

የዱር አህያ ከሜዳ አህያ ጋር አንድ አይደለም። የሜዳ አህያ ገላው በሙሉ ዝንጕርጕር ነው፤ የዱር አህያ ግን ገላው ግራጫ፥ ሆዱ ነጣ ያለ፥ ዥንጕርጕሩም በእግሮቹ ላይ ብቻ ነው። ረዣዥም ጆሮዎቹ ከሩቅ ለመስማት ይረዱታል፥ የገላውንም ሙቀት ያስወጡለታል። ጥማትን የመቻል ኀይሉ ድንቅ ነው፤ ከገላው ብዙ ውሃ ቢያልቅበትም ውሃ ባገኘ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ጠጥቶ ይተካዋል። ይሁን እንጂ ከውሃ ጨርሶ መራቅ አይችልም፤ ይልቁንም የምታጠባ እናት ቶሎ ቶሎ መጠጣት ያስፈልጋታል። ደግሞም አንዲት እናት አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጫ ብቻ ስለምትወልድ፥ አንዲቱን የገደለ ሰው የብዙ ዓመት ተስፋ ቈረጠ ማለት ነው።

የመጥፋቱ ምክንያት በተለይ ሦስት ነው። አንደኛው አደን ነው፤ ሥጋው ለምግብ፥ ስቡም ለበሽታ መድኀኒት ይሆናል እየተባለ ይገደላል፤ ጠመንጃም በበረሃ ከበዛ ወዲህ ጥፋቱ ከፍቷል። ሁለተኛው የውሃና የግጦሽ ሽሚያ ነው፤ የሰውና የከብት ቍጥር ሲጨምር፥ ድርቅም ሲደጋገም፥ አውሬው ከውሃው ዳር ይገፋል። ሦስተኛው ከቤት አህያ ጋር መደባለቅ ነው፤ በዱር የተለቀቀ የቤት አህያ ከዱሩ ጋር ሲዋለድ ጥንታዊው ዘር ንጹሕነቱን ያጣል።

ክልል መሰየም ብቻውን እንደማይበቃም እንወቅ። በ1977 በአፋር ምድር ያንጉዲ ራሳ የተባለው የአውሬ መጠበቂያ ክልል የታሰበው በተለይ ለዚህ እንስሳ ነበር፤ ነገር ግን ከጊዜ በኋላ የዱር አህያ ከዚያው ክልል ጠፋ። በወረቀት የተጻፈ ድንበር በምድሩ የሚኖረው ሕዝብ ካልተቀበለውና ካልጠበቀው አውሬን አያድንም።

ስለ የሄብ

በኦጋዴንና በሶማሊያ ቀይ አሸዋማ መሬት የሚበቅል የሄብ የሚባል ቍጥቋጦ አለ። በሌላ የዓለም ክፍል በተፈጥሮው አይገኝም። ዓመቱን ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ፍሬውም ጥሬውን ወይም ተቈልቶና ተቀቅሎ ይበላል፥ የተቀቀለበትም ውሃ ይጣፍጣል። ሌላው ሁሉ በደረቀ ጊዜ ፍየልና ግመል ቅጠሉን ይበላሉ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ቀይ ቀለም የሚደነቅ ነው፤ እጅን ያቀላል፥ ቅጠሉን አዘውትረው የሚበሉ ፍየሎችም ሲታረዱ አጥንታቸው ቀላ ብሎ ይገኛል።

ይህን ያህል ጥቅም ያለው ተክል የተመናመነው ስለ ጥቅሙ ነው። ፍሬው አንድ ሳይቀር ስለሚለቀም ለዘር የሚወድቅ አይገኝም፤ ቢወድቅም ቡቃያውን ከብት ይግጠዋል፤ ግንዱም ለማገዶ ይቈረጣል። ከዚህም ሌላ የየሄብ ዘር ለብዙ ጊዜ ቢቀመጥ የመብቀል ኀይሉን ያጣል፤ ስለዚህ እንደ ጤፍና እንደ ማሽላ በጐተራ አኑሮ በሌላ ዘመን መዝራት አይቻልም። ዕድገቱም እጅግ የዘገየ ነው። አባት የቈረጠውን ልጅ በቶሎ አይተካውም።

በመልካም አሳብ ስለ መጣ ጉዳት

ዛፍ መትከል ሁልጊዜ መልካም እንደ ሆነ ይታሰባል፤ ነገር ግን የሚተከለው ምን እንደ ሆነ ሳይመረምሩ መትከል ምን እንደሚያመጣ አፋር ምስክር ነው። ከአሜሪካ ምድር የመጣ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃም ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት አፈርን ይጠብቃል ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ። ከብቶች ጣፋጭ ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው በየሜዳው በተኑት፤ ዛሬ በአፋር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የበለጠ መሬት ወርሯል። የአገሩን ሣርና ግራር አጠፋ፥ የከብትንና የአውሬን መንገድ ዘጋ። ከላይ ቢቈርጡት ከጕቶው እንደገና ያቈጠቍጣል፤ ከአፈር በታች ካልተነቀለ አይጠፋም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ቡቃያውን ልጅ በእጁ ይነቅለዋል፥ ዱር ከሆነ በኋላ ግን መንደር ሙሉ ሰው አይችለውም።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

በአዋሽ ፓርክ የሚታየው ሳላ በዐረብ አገር ነጭ ዘመድ ነበረው። ይህ የዐረብ ሳላ በአደን አልቆ፥ በዱር የቀሩት የመጨረሻዎቹ በ1972 በኦማን ተገደሉ። ነገር ግን አስቀድሞ ጥቂቶቹ ተይዘው በአሜሪካ ይራቡ ስለ ነበር፥ በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ተመለሱ፤ ጠባቂዎቹም የዚያው ምድር ዘላኖች የሐራሲስ ሰዎች ሆኑ። በ1996 ቍጥራቸው 450 ያህል ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን በሕይወት ይዘው የሚሸጡ አዳኞች ስለ ተነሡ በ2007 የቀሩት 65 ብቻ ሆኑ፤ መንግሥቱም የክልሉን ስፋት በ90 በመቶ ስለ ቀነሰ፥ ዩኔስኮ በዚያው ዓመት ክልሉን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው። ሆኖም በሌሎችም የዐረብ አገሮች ተለቀው ስለ ነበር ዘሩ አልጠፋም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ የጠፋ የሚመስለው ሊመለስ ይችላል፥ የተመለሰውም ጥበቃው ከላላ ዳግመኛ ይጠፋል።

ሊደረግ ስለሚገባው

መምህራን ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ጥቂት መሬት በእሾህ አጥረው ከብት እንዳይገባበት ያድርጉ፤ ተማሪዎችም በየዓመቱ የበቀለውን ሣርና ቍጥቋጦ እየቈጠሩ በደብተር ይጻፉ። ከአጥሩ ውጭ ካለው ጋር ሲያስተያዩ ከብዙ ቃል የሚበልጥ ትምህርት ያገኛሉ። የሄብ በሚበቅልበት አገር ከፍሬው ጥቂቱ ለዘር ይተው፤ ትኵሱም ሳለ ይተከል፥ ቡቃያውም ይታጠር። ፕሮሶፒስ ባለበት አገር ቡቃያው ከነሥሩ ይነቀል፤ ፍሬውም ለከብት የሚሰጥ ከሆነ ዘሩ እንዲደቅ አስቀድሞ ይፈጭ።

ሽማግሎችም በሸንጎ ሊመክሩባቸው የሚገባ ነገሮች አሉ። የዱር አራዊት ብዙ ጊዜ በሌሊት ስለሚጠጡ ማታ ማታ ከብትና ሰው ከውሃው ዳር እንዲርቅ ቢስማሙ መልካም ነው። የቤት አህያ በዱር እንዳይለቀቅ ይከልክሉ። የአህያ ስብ ሳንባ ነቀርሳን ይፈውሳል ለሚለውም፥ የሳንባ ነቀርሳ መድኀኒት በጤና ጣቢያ እንደሚገኝ ያስረዱ፤ ይህ አውሬውንም በሽተኛውንም ያድናል።

በድርቅ ዘመን የተራበውን ሰው አትቍረጥ፥ አትግደል ማለት ብቻ እንደማይበቃ እናውቃለን። ክልከላው የሚጸናው ሰውየው ለከብቱ ውሃና መኖ፥ ለቤቱም ማገዶ ከሌላ ስፍራ ያገኘ እንደ ሆነ ነው፤ ስለዚህ የክልከላው ምክር ሲደረግ ይህም አብሮ ይመከር። የበረሃው ሰው ከበረሃው ሀብት ተነጥሎ አይኖርምና፥ ቍጥቋጦውን የጠበቀ ፍየሉን ጠበቀ፤ ውሃውን ለአውሬ ያካፈለም ለልጁ የሚያሳየውን አተረፈ።