የፍርድ ቤት ወዳጅ፤ በሚሺጋን የልጆችን ቀለብ የሚከታተለው ሹም

ዳኛ ግራና ቀኙን ሰምቶ፣ ሕጻኑ ከእናቱ ጋር ይኑር፣ አባቱም በየወሩ ይህን ያህል ቀለብ ይቁረጥለት ብሎ ከፈረደ በኋላ፣ የፍርዱ ወረቀት ብቻውን ለሕጻኑ እራት አይሆነውምና፣ ከችሎቱ እስከ ማዕዱ ያለውን ረጅም መንገድ ማን ይሄድለታል የሚለው ጥያቄ ስለ ቤተሰብ የተጻፈ ሕግ ሁሉ የሚጋፈጠው ጥያቄ ነው። በብዙ አገር ይህን መንገድ የምትሄደው እናቲቱ ራሷ ናት፤ ከሥራዋ ቀርታ፣ ልጇን አዝላ፣ የፍርዱን ግልባጭ ይዛ፣ ባለዕዳው የት እንደገባና ከማን ዘንድ ደመወዝ እንደሚበላ ስትጠይቅ ዓመታት ያልፋሉ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳር በምትገኘው በሚሺጋን ግዛት ግን ይህን ድካም ከእናቲቱ ትከሻ አንሥቶ በራሱ ትከሻ ላይ እንዲያኖር በሕግ የተሾመ የፍርድ ቤት ባለሥልጣን አለ። እርሱም «ፍሬንድ ኦፍ ዘ ኮርት»፣ ይኸውም የፍርድ ቤት ወዳጅ ይባላል፤ ስሙ ለሹሙም፣ ሹሙ ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤትም በአንድነት ያገለግላል።

ጽሕፈት ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1919 የግዛቲቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ሲሆን (ከዚህ ወዲያ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ ዘመኑን ለሚያስታውስ ሰው ጊዜው የሚያስደንቅ አይሆንም። ሄንሪ ፎርድ በ1914 ለሠራተኞቹ በቀን 5 ዶላር ለመክፈል ካስታወቀ ወዲህ ከየገጠሩና ከባሕር ማዶ ጭምር ወደ ዲትሮይት የጎረፈው ሕዝብ ከተማዪቱን እጅግ አስፍቷት፣ በ1910 ከ465 ሺህ ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የነዋሪዋ ቍጥር በ1920 ወደ 994 ሺህ ደርሶ ነበር። ሰው ከትውልድ መንደሩና ከዘመዶቹ ዓይን ርቆ በሚኖርበት በእንዲህ ያለ ከተማ ትዳር ሲፈርስ የሚገሥጽ ሽማግሌ፣ የሚታፈር ጎረቤት አይገኝም፤ ቀለብ ቍረጥ ተብሎ የተፈረደበትም አባት ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው በተዛወረ ጊዜ ፍርዱ ተከትሎት አይሄድም። ሕጉ ለዚህ ያመጣው መፍትሔ፣ ፍርድ ቤቱ የሰጠውን ፍርድ የሚከታተልለት፣ የልጆቹንም ኑሮ የሚያይለት የራሱ ሰው ይኑረው የሚል ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ሥርዓት በዋናው መሠረቱ በ1982 ከወጡት ሁለት ሕጎች የመነጨ ነው፤ አንደኛው ስለ ሹሙ ሥልጣንና ግዴታ፣ ሁለተኛው ስለ ቀለብና ልጅን ስለ መጎብኘት አፈጻጸም የሚደነግጉ ናቸው።

ይህ ሹም ምን እንደ ሆነ ከመናገር ምን እንዳልሆነ መናገር ይቀድማል፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚመጣው ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚያዝነው በዚህ ነጥብ ላይ ተሳስቶ ነውና። ሹሙ በአውራጃው ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሥር ሆኖ የሚያገለግል የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ፍርድ አይሰጥም። የእናት ጠበቃ አይደለም፤ የአባትም ጠበቃ አይደለም፤ ስለ ሆነም ይህን ብታመለክት ታሸንፋለህ፣ ያን ብትክጂ ይበጅሻል ብሎ የሕግ ምክር ሊሰጥ አይፈቀድለትም። ከሁለቱም ወገን ጋር ይነጋገራል፣ ለሁለቱም ያስረዳል፣ ነገር ግን የሚያገለግለው ዳኛውን፣ በዳኛውም በኩል የልጁን ጥቅም ነው። በፍርድ ቤት ደጅ ከቆሙት ሁሉ ስለ ራሱ መናገር የማይችለው ልጁ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ ተከራካሪዎች የማንኛውም ያልሆነ አንድ ሰው ለእርሱ መመደቡ እጅግ ተገቢ ሆኖ ይታየኛል።

ፍቺ ሲቀርብ፣ ወይም ጋብቻ ሳይኖር የተወለደ ልጅ አባትነቱ ሲረጋገጥ፣ ዳኛው የልጁን አኗኗር እንዲመረምርለት ወዳጁን ሊያዝ ይችላል። መርማሪው ከወላጆቹ ጋር ለየብቻ ይነጋገራል፤ እንደ ነገሩ ሁኔታ ቤታቸውን ያያል፣ የትምህርት ቤትና የሐኪም ማስረጃ ይሰበስባል፣ ከልጁም ጋር ይነጋገራል። የሚመዝንበት ሚዛን በ1970 በወጣው የልጆች አያያዝ ሕግ የተዘረዘሩት 12 ነጥቦች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል በልጁና በእያንዳንዱ ወላጅ መካከል ያለው ፍቅር፣ ልጁ ተረጋግቶ የኖረበት ቤት ዘላቂነት፣ የወላጆቹ አካላዊና አእምሯዊ ጤና፣ በቤት ውስጥ የተፈጸመ ግፍ መኖር አለመኖሩ፣ አንዱ ወላጅ ልጁ ሌላውን እንዲወድ የሚያበረታታ መሆኑ፣ ዕድሜው ከፈቀደም የልጁ የራሱ ምርጫ ይገኙበታል። መርማሪው ያገኘውን ሁሉ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ከአስተያየቱ ጋር ለዳኛውና ለተከራካሪዎቹ ይሰጣል። አስተያየቱ ዳኛውን አያስገድደውም፤ ሆኖም ዳኛው በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ነውና፣ በትዕግሥት ተመርምሮ የተጻፈ ሐተታ በእጁ ሲገባለት ልጁን ያየው ያህል ያውቀዋል። ከዚህ ሥራ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ የለም የሚል እምነት አለኝ፤ በችኰላ የተጻፈ አንድ ሐረግ የአንድን ልጅ ዘመነ ሕጻንነት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሊያዞር ይችላልና።

የቀለቡ መጠን በዳኛው ደግነት ወይም ጥብቅነት እንዳይለዋወጥ የሚወሰነው በቀመር ነው። በቀድሞው ዘመን በአንዱ ችሎት ብዙ የተቈረጠበት አባት በሌላው ችሎት በጥቂት ይለቀቅ ስለ ነበር፣ የፌዴራሉ መንግሥት በ1988 ባወጣው ሕግ ግዛቶች ሁሉ አንድ ወጥ ቀመር እንዲኖራቸውና ዳኛ ከቀመሩ ሲወጣ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ አስገደደ። በሚሺጋን ቀመሩ የሁለቱንም ወላጆች የተጣራ ገቢ፣ የልጆቹን ቍጥር፣ ልጁ በዓመቱ ውስጥ በእያንዳንዱ ወላጅ ቤት የሚያድርበትን የሌሊት ብዛት፣ የሕክምና መድኅንና የሕጻናት ማቆያ ወጪን ይመለከታል። የእናቲቱም ገቢ መቈጠሩ አንዳንዱን አንባቢ ይገርመው ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን ወላጆቹ አብረው ቢኖሩ ኖሮ ለልጁ ያወጡለት የነበረውን ገንዘብ ገምቶ ለሁለቱ እንደ አቅማቸው ማካፈል ነው።

በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ «ሬፈሪ» የሚባል፣ ሕግ የተማረ ነገር ሰሚም ይገኛል፤ ክርክሩን በመሐላ ሰምቶ ትእዛዝ አርቅቆ ያቀርባል። በረቂቁ ያልተስማማ ወገን በ21 ቀን ውስጥ ተቃውሞውን ካቀረበ ዳኛው ጉዳዩን ራሱ እንደ አዲስ ይሰማዋል፤ ቀኑ ካለፈ ግን ረቂቁ በዳኛው ፊርማ ትእዛዝ ይሆናል። ባለጉዳይ የሆነ ሰው ይህችን ቀጠሮ ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዛት ይገባል።

ትእዛዙ ከተጻፈ በኋላ ግን የወዳጁ ዋና ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ቀለብ ከፋዩ ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ ለአሠሪው የቅነሳ ማስታወቂያ ይላካል፤ አሠሪውም ደመወዙን ከመክፈሉ በፊት ቀለቡን ቀንሶ በላንሲንግ ወደሚገኘው የግዛቲቱ የክፍያ ማእከል ያስተላልፋል፤ ከዚያም ገንዘቡ ለልጁ አሳዳሪ ይላካል። ከፋዩ ሥራ ቢለውጥ እንኳ አዲሱ አሠሪ በ20 ቀን ውስጥ የሠራተኛውን ስም ለመንግሥት እንዲያስታውቅ ስለሚገደድ፣ በ1919 ከፋብሪካ ፋብሪካ እየተዛወረ ያመልጥ የነበረውን ሰው የዛሬው ፍርድ ተከትሎ ይደርስበታል። ይሁንና ከፋዩም መኖር አለበትና የፌዴራሉ ሕግ ከአንድ ሰው ገቢ ለቀለብ ሊቀነስ የሚችለውን ገንዘብ እንደ ሁኔታው ከ50 እስከ 65 በመቶ ባለው ጣሪያ ወስኖታል። ይህን ሁሉ ድካም የሚሸፍነው ገንዘብ አብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣ ነው፤ ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በጥር 1975 የፈረሙት ሕግ ቀለብ ማስከበርን የአገር ጉዳይ አድርጎት፣ ዛሬ ከግዛቶች ወጪ 66 በመቶውን ይችላል።

በቅነሳ የማይገኘውን ከፋይ ለማስገደድ ሕጉ ሌሎች መንገዶችን ሰጥቷል። ከግብር የሚመለስለት ገንዘብ ይያዛል፤ የመንጃ ፈቃዱ፣ የሙያ ፈቃዱ፣ የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ፈቃዱ ሳይቀር ሊታገድ ይችላል፤ ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፓስፖርት ይከለከላል። በመጨረሻም ወዳጁ ባለዕዳውን ፍርድ ቤት በመድፈር ከስሶ ዳኛ ፊት ያቀርበዋል፤ ሳይቀርብ ቢቀር የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል፣ እስራትም ሊከተል ይችላል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከባድ ይሆናል፤ ቀለብ የማይከፍል ሰው ሁሉ ልቡ የደነደነ አይደለምና። እያለው የሚነፍግ አባት አለ፤ ሥራውን ያጣ፣ የታመመ፣ ለራሱም እንጀራ ያጣ አባትም አለ፤ ሁለቱን በአንድ በትር መምታት ከርትዕ የራቀ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ከደቡብ ካሮላይና በመጣ ጉዳይ፣ ባለዕዳን በቀለብ ምክንያት ከማሰር በፊት በእርግጥ መክፈል የሚችል መሆን አለመሆኑ በአግባቡ እንዲመረመር ማዘዙ ስለዚህ ነበር። መንጃ ፈቃዱን የተነጠቀ ሠራተኛ ወደ ሥራው መድረስ ካልቻለ ልጁ ከዚያ ቅጣት የሚያገኘው ሲሳይ የለም፤ ልምድ ያለው የወዳጁ ሠራተኛም አስቀድሞ ደውሎ ምን ደረሰብህ ብሎ መጠየቅን፣ የሥራ ፍለጋ እርዳታ ወደሚገኝበት መምራትን ከማስፈራራት ያስቀድማል።

አባቶች ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ግን በዝምታቸው ነው። በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የቀለብ ክፍያ ቀኑ በደረሰ ጊዜ በራሱ እንደ ጸደቀ ፍርድ ይቈጠራል፤ ያለፈውን ውዝፍ ዳኛ ራርቶ እንኳ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንሰው አይችልም፤ ማሻሻያ ሊደረግ የሚችለው የለውጡ ማመልከቻ ለሌላው ወገን ከተሰጠበት ቀን ወዲህ ላለው ብቻ ነው። ሥራውን በመስከረም ያጣ ሰው ነገ ይሻላል እያለ እስከ የካቲት ቢቆይ የአምስቱ ወር ዕዳ ሙሉውን በላዩ ላይ ይቀራል። ወዳጁ ማንኛውም ወላጅ በጽሑፍ ሲጠይቀው በየ36 ወሩ አንድ ጊዜ ትእዛዙን እንዲመረምር ግዴታ አለበት፤ ሁኔታው በድንገት የተለወጠ ሰው ግን ይህን ጊዜ ሳይጠብቅ በዚያው ሳምንት ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይገባዋል።

ሌላው ወላጆች የሚሳሳቱበት ነገር ቀለብና ጉብኝትን ማያያዝ ነው። ልጄን አላሳይህም ያለችው እናት ቀለቡ አይቀርባትም፤ ቀለብ የማይከፍል አባትም ልጁን የማየት መብቱን በዚህ ብቻ አያጣም። ሁለቱ በሕግ የተለያዩ ናቸው፤ ወዳጁም ጉብኝት የተከለከለ ወላጅ ሲያመለክት ያመለጠውን ጊዜ ለማካካስ፣ ወገኖቹን ለማስታረቅ ወይም ከልካዩን ዳኛ ፊት ለማቅረብ ሥልጣን አለው። ልጁ ከአባቱ የሚያገኘው ገንዘብም ፍቅርም የልጁ ነውና ይህ ድንጋጌ ቅን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ቤተሰብ ሲጣላ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አንዳንዴም የንስሐ አባት ገብተውበት፣ አባት በየወሩ ይህን ያህል ለእናቲቱ በእጇ ይስጣት ተብሎ ይታረቃሉ፤ እርቁ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ፣ በክፍያ ማእከሉ በኩል ያላለፈ ገንዘብ እንደ ስጦታ እንጂ እንደ ቀለብ ላይታሰብ ይችላል፤ ሲከፍል የኖረ አባት ባለውዝፍ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ሽማግሌዎቹ ያስማሙት ነገር በጽሑፍ ሆኖ በዳኛ ፊርማ ሊጸና ይችላልና፣ እርቁን ወደ ትእዛዝ መለወጥ ለሁለቱም ወገን መጠበቂያ ነው።

በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ በጠያቂው ችግርና በሰጪው አቅም ልክ እንዲወሰን ያዛል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የነፈገውን ይቀጣል። ሆኖም የፍርድ ባለመብቷ እናት ባለዕዳው ባልከፈለ ቍጥር የአፈጻጸም መዝገብ እያስከፈተች ደመወዙንና ንብረቱን ራሷ እየጠቈመች መከራከር አለባት፤ ለሕጻኑ ሲል መንገዱን የሚሄድላት ሹም ቢኖራት ብዙ እንባ ይታበስ እንደ ነበር አምናለሁ።

በሚሺጋን ቀለብ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያበቃል፤ ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በሙሉ ጊዜ የሚከታተል ከሆነ ግን እስከ 19 ዓመት ከመንፈቅ ሊራዘም ይችላል። ውዝፍ ካለ ልጁ አድጎ ከቤት ቢወጣም ቅነሳው ይቀጥላል። የተወዘፈው ገንዘብ የእናቲቱ ከሆነ ፈቅዳ ልትተወው ትችላለች፤ እናቲቱ የመንግሥት ድጎማ ትቀበል በነበረበት ጊዜ የተጠራቀመው ግን ለግዛቲቱ የሚከፈል ነውና፣ አቅም የሌለው ባለዕዳ በተወሰነ የክፍያ ውል የሚችለውን ከፍሎ ቀሪው እንዲሰረዝለት ዳኛውን መጠየቅ ይችላል፤ ለዚህም የመጀመሪያው መድረሻ ያው የፍርድ ቤቱ ወዳጅ ጽሕፈት ቤት ነው።