ሳይገጣጠም የሚሸጥ አይሮፕላን

ገዢ ሁሉ ያለቀለትን ዕቃ ብቻ ይሻል ማለት ትክክል እንዳልሆነ የእንግሊዙ የኤርፊክስ ኩባንያ ታሪክ ያስረዳል። ኩባንያው በ1939 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ኒኮላስ ኮቭ በተባለ የሀንጋሪ ተወላጅ ተቋቁሞ፥ አስቀድሞ በአየር የሚነፉ የጎማ አሻንጉሊቶችን፥ ኋላም የፕላስቲክ ማበጠሪያዎችን ይሠራ ነበር። በ1949 የፈርጉሰን ትራክተር ሻጮች ለገበያተኛ የሚያሳዩትን ትንሽ አምሳያ እንዲሠራ ታዘዘ። አምሳያውን በሠራተኛ እጅ መገጣጠም ወጪ ስለሚያበዛ፥ በኋላ ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ በዉልዎርዝ መደብሮች ለሕዝብ ቀረቡ። ቀጥሎም የጎልደን ሃይንድ መርከብ አምሳያ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በ2 ሽልንግ ተሸጠ፤ ኋላ ደግሞ ከእውነተኛው 72 እጅ ያነሰ የስፒትፋየር አይሮፕላን ተከተለ።

ገዢው ክፍሎቹን ከተያያዙበት ዘንግ ቈርጦ፥ ጠርዛቸውን አለስልሶ በሙጫ ያጋጥማቸዋል። ሙጫው የፕላስቲኩን ገጽ አቅልጦ ስለሚያዋህድ ጥቂት ይበቃል። ከዚያ በቀጭን ቡሩሽ ቀለም ይቀባል፤ ምልክቶቹንም በውኃ ነክሮ ይለጥፋል። ድካሙ ራሱ ደስታ ስለሚሆንለት ገንዘቡን አይቈጭም፤ ለባለ ሱቁም ሙጫው፥ ቀለሙና ቡሩሹ ተጨማሪ ሽያጭ ናቸው።

ይሁን እንጂ ተወዳጅ ዕቃ ብቻውን ንግድን አያድንም። ኤርፊክስ በ1981 ዕዳውን መክፈል ተሳነው። የብረት ቅርጽ ማውጫዎቹና መልካም ስሙ ግን ዋጋ ስለ ነበራቸው ሌሎች ገዙአቸው፤ ከ2006 ወዲህ የሆርንቢ ኩባንያ ንብረት ናቸው።

እንግዲህ ነጋዴ ዕቃ ሲያዝዝ፥ «ገዢው በገዛ እጁ ሊፈጽመው የሚወድደው የትኛው ሥራ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል።