የሐይቅ ዳርቻ ዕረፍት ከልጆች ጋር፦ ቦታ ከመምረጥዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም በስምጥ ሸለቆ ውስጥና ከዚያም ውጪ በሚገኙ ሐይቆች የታደለች ናት። በትምህርት ቤት ዕረፍትና በበዓላት ወቅት በርካታ ቤተሰቦች ከደጋው ቅዝቃዜ ወጥተው ሞቃት አየር፣ አሸዋና ውኃ ወዳለበት ስፍራ ይጓዛሉ። ይሁን እንጂ አንዱ ሐይቅ ከሌላው እጅግ የተለየ ነው። ልጆች ሲንቦጫረቁ የሚውሉበት ዳርቻ እንዳለ ሁሉ፣ ከሩቅ ሆነው ብቻ ሊመለከቱት የሚገባም አለ። ልዩነቱ ደግሞ በዓይን በማየት አይታወቅም፤ ጥርት ያለው ውኃ በሽታ ሊያስተላልፍ፣ የደፈረሰ የሚመስለው ደግሞ ለዋና የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ማብራሪያ ወላጆችና አሳዳጊዎች ለልጆቻቸው ዕድሜና ፍላጎት የሚስማማውን መዳረሻ አመዛዝነው እንዲመርጡ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ልጆቹ ውኃ ውስጥ ይገባሉ?

ብዙውን ጊዜ የዕረፍት ቦታ የሚመረጠው በሆቴሉ ፎቶግራፍ፣ በዋጋውና በርቀቱ ነው። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ውሳኔ፣ ልጆቹ በሐይቁ ውስጥ ይዋኛሉ ወይስ ሐይቁን ከዳር ወይም ከጀልባ ላይ ይመለከታሉ የሚለው ነው። መልሱ መዋኘት ከሆነ ምርጫው ይጠባል፤ መመልከት ከሆነ ይሰፋል። ችግር የሚፈጠረው ይህ ውሳኔ ሳይሰጥ ጉዞ ሲጀመርና፣ ልጆቹ ውኃው ዳር ከደረሱ በኋላ መከልከል ሲያስቸግር ነው።

የታወቁ መዳረሻዎችና ጠባያቸው

ላንጋኖ፦ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኝ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። አሸዋማ ዳርቻ ያለው ሲሆን፣ ከቢልሃርዚያ ነፃ ናቸው ከሚባሉት ጥቂት ሐይቆች መካከል በስፋት ይጠቀሳል። ለዋና የሚመረጠውም በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው። ቡናማ ቀለሙ በውኃው ውስጥ ከተንሳፈፈ ደቃቅ አፈር የሚመጣ እንጂ የቆሻሻ ምልክት አይደለም። ሆኖም ይኸው ቀለም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል የጠለቀ ልጅ ከላይ ለሚመለከት ሰው አይታይም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ስለሚጠነክር ለትንንሽ ልጆች ማለዳው ይሻላል። ወደ ሐይቁ የሚፈስሱ ጅረቶች የተለየ ውኃ በመሆናቸው ስለ ሐይቁ የሚባለው ለእነርሱ አይሠራም። በአንዳንድ የሐይቁ ክፍል ጉማሬ ሊያጋጥም ስለሚችልም፣ ማረፊያዎች ለዋና ከለዩት ዳርቻ መውጣት አይገባም።

ቢሾፍቱ፦ ከአዲስ አበባ ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ በመገኘቷ ደርሶ መልስ ለሚጓዙና ሕፃናት ለያዙ ቤተሰቦች ምቹ ናት። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ የተባሉት ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። በዚህም ምክንያት ጠርዛቸው ቀስ በቀስ ሳይሆን በድንገት ይጠልቃል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ስፍራ ጥቂት ርምጃ ወደ ውስጥ መግባት ለልጅ ከቁመት በላይ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም መዋኘት ለሚፈልጉ ልጆች የሆቴል መዋኛ ገንዳ የተሻለ አማራጭ ነው።

ሐዋሳ፦ የሐይቅ ዳር የእግር መንገዷ፣ የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያዋና በዳርቻው የሚታዩት ወፎች ልጆችን እጅግ የሚማርኩ ናቸው። ነገር ግን በሐይቁ አካባቢ ቢልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ሲሆን ጉማሬዎችም አሉበት። ስለዚህ ሐዋሳ በጀልባና በእግር የሚዝናኑባት እንጂ ልጆችን በሐይቅ ውስጥ የሚያዋኙባት ከተማ አይደለችም። የባሕር ዳርና የጣና ሐይቅ ጉብኝትም በዚሁ መንገድ መታየት ይኖርበታል።

አርባ ምንጭ፦ አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ እንዲሁም የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የሚገኙባት ናት። ጫሞ በግዙፍ አዞዎቹ የታወቀ ነው። አዞዎቹን ፈቃድ ካለው የጀልባ አስጎብኚ ጋር ሆኖ ማየት ለታዳጊዎች የማይረሳ ትምህርት ነው፤ በሁለቱም ሐይቆች ዳርቻ ልጆችን ለብቻቸው መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሶደሬና ወንዶ ገነት፦ ሐይቅ ሳይሆን ፍልውኃ ያላቸው መዳረሻዎች ናቸው። ለዋና የተዘጋጁ ገንዳዎች ስላሏቸው መዋኘት ዋና ዓላማው ለሆነ ቤተሰብ አማራጭ ይሆናሉ። ሕፃናት በሙቅ ውኃ ቶሎ ስለሚዝሉ ቆይታቸው አጭር እንዲሆን፣ በየመካከሉም የሚጠጣ ውኃ እንዲያገኙ ማድረግ ያስፈልጋል።

ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው እንዴት ነው?

የቢልሃርዚያ ተውሳክ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ይራባል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው፣ በዓይን የማይታየው ተውሳክ ጤናማ ቆዳን በስቶ ለመግባት የሚፈጅበት ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ውኃውን መጠጣትም ሆነ ቁስል መኖር አያስፈልገውም።

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባው ዋና ነገር፣ ቀንድ አውጣዎቹ የሚበዙት ጥልቀት በሌለው፣ ዝግ ባለና ቄጠማና ሣር ባለበት ዳርቻ መሆኑ ነው። ይህም ብዙዎች «ጥልቅ ስላልሆነ አያሰጋም» ብለው ሕፃናትን የሚያስቀምጡበት ስፍራ ነው። በመሆኑም ቢልሃርዚያ ባለበት ሐይቅ እግርን ብቻ ማስነከርም ለበሽታው ያጋልጣል። ከውኃ ከወጡ በኋላ ገላን በፎጣ ማሸት አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። በክሎሪን በሚገባ የታከመ ገንዳ ግን ለዚህ በሽታ አያጋልጥም።

የመስጠም አደጋን ስለመከላከል

በውኃ የሚሰጥም ልጅ በአብዛኛው አይጮኽም፤ እጁንም አያውለበልብም። በጸጥታ፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥማል። ብዙ ዘመዶች በተሰበሰቡበት ዳርቻ አደጋው የሚጨምረው እያንዳንዱ ሰው «ሌላው እያየው ነው» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ስለሆነም የሚከተሉትን ተግባራዊ ማድረግ ይመከራል።

• ልጆቹ ውኃ ውስጥ ባሉበት ጊዜ ሁሉ አንድ ዐዋቂ በስም ተለይቶ ኃላፊነት ይውሰድ። ይህ ሰው ስልክ አይነካም፣ የአልኮል መጠጥ አይጠጣም፤ ሲደክመውም ኃላፊነቱን ለተተኪው በግልጽ ያስረክባል።
• ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑና መዋኘት የማይችሉ ልጆች ምንጊዜም በክንድ ርቀት ውስጥ ይሁኑ።
• በአየር የሚነፉ ጎማዎች መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን መሣሪያ አይደሉም፤ ነፋስ ወደ ጥልቁ ሊወስዳቸው ይችላል።
• በጀልባ ሲጓዙ እያንዳንዱ ልጅ በልኩ የተዘጋጀ የሕይወት አድን ጃኬት መልበሱን ያረጋግጡ። በልኩ የሚሆን ከሌለ ጉዞው ይቅር።
• ውኃ ውስጥ ሰጥሞ የወጣ ልጅ የተሻለው ቢመስልም ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ከታየበት ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ወቅት፣ ፀሐይና ወባ

ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ፣ ጎርፍና የደፈረሰ ውኃ ስለሚያጋጥም ዳርቻ ላይ ለመዋል የሚመቹት ቀናት ያንሳሉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ደረቅና ፀሐያማ በመሆኑ የገና፣ የጥምቀትና የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የተሻለ ዕድል ይሰጣል። በበዓላት ሰሞን ማረፊያዎች ስለሚሞሉ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ለልጆች ወፍራም ልብስ መያዝ አይዘንጋ።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ሐይቆቻችን በከፍታ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው ነፋሱ ሙቀቱን ቢሸፍነውም ጨረሩ ቆዳን ያቃጥላል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ልጆችን በጥላ ማቆየት፣ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ማልበስ ይገባል።

በአገራችን ወባ በአመዛኙ የሚከሰተው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ አካባቢዎች ሲሆን፣ ከላይ የተዘረዘሩት የሐይቅ መዳረሻዎች ሁሉ በዚህ ከፍታ ውስጥ ይገኛሉ። ዋናው የመተላለፊያ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በመሆኑ፣ ለመዝናናት ከሚመቸው ጊዜ ጋር ይገጥማል። ልጆች አጎበር ውስጥ እንዲተኙ፣ ከምሽት ጀምሮም ሰውነታቸው በልብስ እንዲሸፈን ያድርጉ። ነፍሰ ጡር የቤተሰብ አባል ወይም ጨቅላ ሕፃን ካለ ከጉዞው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ማረፊያ ከመያዝዎ በፊት የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ለማረፊያው ስልክ ደውለው የሚከተሉትን ይጠይቁ።

1. ለዋና የተለየ ዳርቻ አለ? ከባሕሩ ዳር ስንት ርምጃ ድረስ ልጅ መቆም ይችላል?
2. ሕይወት አድን ሠራተኛ አለ? የሚገኘውስ በየትኞቹ ሰዓታት ነው?
3. መዋኛ ገንዳ ካለ ለልጆች የተለየ ነው? ዙሪያው ታጥሯል? በክሎሪን ይታከማል?
4. የመኝታ ክፍሎቹ አጎበር አላቸው?
5. በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የት ነው? በሌሊትስ ተሽከርካሪ ይገኛል?
6. መንገዱ በምን ሁኔታ ላይ ነው? ከመጨለሙ በፊት ለመድረስ በስንት ሰዓት መነሣት ያስፈልጋል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የማይሰጥ ማረፊያ፣ ዋጋው ቢቀንስም ልጆች ላሉት ቤተሰብ ተመራጭ አይሆንም። በጉዞ ላይ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን የአምቡላንስ አገልግሎት በ907 መጥራት የሚቻል ሲሆን፣ የአካባቢውን የጤና ተቋም ስልክም መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።

ከጉዞ መልስ

ልጁ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘው በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱትና የትና መቼ እንደተጓዘ ለባለሙያው ይንገሩ፤ የወባ ምርመራ የሚታዘዘው ይህ ሲታወቅ ነው። ቢልሃርዚያ ሊኖርበት የሚችል ውኃ ነክቶ ከሆነ ምልክት ባይታይበትም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ማስመርመር ተገቢ ነው። የቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ በዓይነ ምድር ወይም በሽንት ውስጥ ደም መታየት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። በሽታው ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት በሚገባ የሚታከም ሲሆን፣ ችላ ከተባለ ግን ጉበትንና ሌሎች የውስጥ አካላትን ይጎዳል።

በአጭሩ፣ ልጆች እንዲዋኙ የሚፈልግ ቤተሰብ ላንጋኖን ወይም በሚገባ የተያዘ መዋኛ ገንዳ ያለውን ማረፊያ ቢያስቀድም፣ አሣ፣ ወፍና የዱር እንስሳ ለማሳየት የሚሻ ደግሞ ሐዋሳን ወይም አርባ ምንጭን ቢመርጥ ይመከራል። ምርጫው የትኛውም ቢሆን ልጆቹ ውኃ ውስጥ ስለመግባታቸው ወይም ስላለመግባታቸው ከቤት ሳይወጡ ተወስኖ ለእነርሱም ሊነገራቸው ይገባል።