ሐሳብ የሚመጣው ሲሠሩ ነው

ልቦለድ ጀምሮ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የቆመን ሰው ለምን እንዳልቀጠለ ብትጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ «ስሜቱ አልመጣልኝም»። ሠዓሊውም፣ ዜማ ደራሲውም፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ዘጋቢ ፊልም ለመሥራት የሚታገለውም እንዲሁ ይላል። መልሱ ከልብ ነው። ግን አንድ እምነት አዝሏል፦ ፈጠራ ውስጥ ሞልቶ ሲገነፍል ብቻ የሚሠራ ነገር ነው፣ ሳይሞላ ብዕር ያነሣ ሰው በከንቱ ይደክማል የሚል። ይህን እምነት በሙከራ ለመፈተን ከተነሡት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቦይስ ነው።

ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት መጻፍ ያስቸገራቸውን 27 የኮሌጅ መምህራን በሦስት ቡድን ከፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ፣ የግድ ካልሆነባቸው በቀር ምንም እንዳይጽፉ ተነገራቸው፤ እስከዚያ ሐሳብ ይጠራቀምላቸዋል ተብሎ ነው። ሁለተኛዎቹ የመጻፊያ ሰዓት ቢመደብላቸውም ደስ ሲላቸው ብቻ እንዲጽፉ ተተዉ። ሦስተኛዎቹ ግን ስሜቱ ኖረም አልኖረም በሰዓታቸው ተቀምጠው መጻፍ ነበረባቸው። ካልጻፉ ቅጣት አለ፤ አጥብቀው ለሚጠሉት ድርጅት ከኪሳቸው ገንዘብ ይልካሉ።

የተገደዱት ሰዎች ብዙ ገጽ መጻፋቸው አያስገርምም። በቀን በአማካይ ከሦስት ገጽ በላይ ጻፉ፤ ስሜታቸውን የጠበቁት አንድ ገጽ እንኳ አልሞላላቸውም። ቦይስ ግን ሌላም ነገር አስመዝግቧቸው ነበር፤ በየጊዜው ብልጭ የሚልላቸውን አዲስ ሐሳብ። የተገደዱት በቀን አንድ ያህል አዲስ ሐሳብ መዘገቡ። ስሜታቸውን የጠበቁት በሁለት ቀን አንድ፣ ሐሳብ እንዲጠራቀምላቸው ከጽሑፍ የታቀቡት ደግሞ በአምስት ቀን አንድ። ብዙ ይጠራቀምለታል የተባለው ቡድን ከሁሉም ያነሰ አገኘ።

27 ሰው ትንሽ ነው፤ ሐሳቡን የቆጠሩትም ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሕግ አልወስደውም። አቅጣጫው ግን ልክ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለመረዳት አያስቸግርም። አንዲት ገጸ ባሕርይ በር አንኳኩታ ስትገባ የሚያሳይ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሰው፣ ወዲያው «ማን ከፈተላት? ቤት ውስጥ ማን ማን አለ? ለምን አሁን መጣች?» የሚሉ ጥያቄዎች ይደረደሩበታል። እነዚህን ጥያቄዎች የወለዳቸው የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ነው። ሳይጽፍ የሚጠብቅ ሰው መልስ ያጣው መጀመሪያውኑ ጥያቄው ስላልመጣበት ነው።

የእንግሊዙ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበር። ከ30 ዓመት በላይ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል፤ 47 ልቦለዶች ጽፎ ሲያልፍ የብዙዎቹ ጊዜ የተገኘው ቢሮ ከመግባቱ በፊት ነው። ከንጋቱ 11፡30 ላይ ጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል፤ በሰዓቱ ቀስቅሶ ቡና ለሚያቀርብለት አሽከር በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍል ነበር። የእጅ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፋል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ግን አይጽፍም፤ ትናንት የጻፈውን ያነባል። ይህን ሁሉ በግለ ታሪኩ ላይ ሳይደብቅ ተናገረ። መጽሐፉ እሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 ሲወጣ ብዙ ሐያስያን ቅር ተሰኙ፤ ጥበብ እንዲህ በሰዓት ተለክቶ መሠራቱ አልዋጥላቸው አለ። እኔ በበኩሌ የደሞዝ ሥራ እየሠራ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያጽናና ምስክርነት አላውቅም። የእኛም ትልልቅ ደራስያን ጊዜ ተርፏቸው አልጻፉም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማት፣ በዓሉ ግርማ የጋዜጣ አዘጋጅና በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበሩ።

ጊዜ ከተገኘ በኋላም ቢሆን አስቸጋሪው ነገር ትናንት ወዳቆሙት መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ በሥነ ልቦና ሊቁ በኩርት ሌቪን ሥር የተማሩ ሁለት ወጣት ሴቶች ያጠኑት ይህንኑ ነው። ብሉማ ዜይጋርኒክ በ1927 ባሳተመችው ጥናት ለተሳታፊዎቿ ጥቃቅን ሥራዎች ሰጠች፤ ከጭቃ ቅርጽ መሥራት፣ ዶቃ መሰካት፣ ሒሳብ መሥራት። ግማሾቹን ሥራዎች መሐል ላይ አስቆመቻቸው። በኋላ ምን ምን እንደሠሩ ስትጠይቃቸው ከጨረሱት ይልቅ የተቋረጠውን አብልጠው አስታወሱ። ይህ ግኝት በዓለም ዙሪያ ዝናን ቢያተርፍም፣ ሌሎች ሲደግሙት ውጤቱ አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ ቆይቷል። የባልደረባዋ የማሪያ ኦቭሲያንኪና ግኝት ግን ጠንክሮ ቆሟል። ኦቭሲያንኪና ሰዎቹን ካስቆመቻቸው በኋላ ነፃ ጊዜ ሰጥታ ዝም ብላ ተወቻቸው። አብዛኞቹ ማንም ሳያዛቸው፣ ሽልማትም ሳይኖር፣ ወደተቋረጠው ሥራ ተመለሱ።

ለፈጠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሐል ላይ የተተወ ሥራ ራሱ ይጠራል። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በዚህ ነገር ይታወቅ ነበር፤ ቀጥሎ የሚሆነውን እያወቀ፣ ገና የሚጽፈው ሳይነጥፍ ብዕሩን ያስቀምጣል። ምዕራፍ ጨርሶ የሚተኛ ሰው በማግሥቱ የሚጠብቀው ባዶ ገጽ ነው። ምዕራፉን አጋምሶ የሚተኛ ሰው ግን የሚቀጥለው ነገር አለው። የትም ሆነ የት ሲቆም ደግሞ ገጹ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ማኖር ይችላል፦ «ነገ፦ አልማዝ ፖስታውን ታገኛለች፤ የአጎቷ እጅ ጽሑፍ መሆኑን ገና አታውቅም።» «ምዕራፍ አራትን መቀጠል» ብሎ ከመጻፍ ይህ በብዙ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ከወዲሁ ግማሹ ተጽፏል።

ያልተጨረሰ ሥራ ሁልጊዜ በጎ ብቻ አይደለም። ስንት ሰው አለ፣ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ያልጨረሰው ሥዕል የሚከነክነው፣ ቤት ገብቶ ሥዕሉ ፊት ሲቆም ደግሞ ያልመለሰው ስልክ ትዝ የሚለው! ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት ያልተፈጸመ ግብ በሌላ ሥራ መሐል እየገባ ሐሳብ ይበትናል። ሰዎቹ ግቡን መቼና እንዴት እንደሚፈጽሙት በዝርዝር እንዲያቅዱ ሲደረግ ግን መከንከኑ ቀነሰ። ሥራው አልተሠራም፤ ቦታና ጊዜ ብቻ ተሰጠው። የማስታወሻ ደብተር ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ጭንቅላት ይዞ የሚዞረውን ሸክም ወረቀቱ ይረከበዋል፤ ሰውየውም አንዱን ሥራ ሲሠራ እዚያው ይገኛል።

የዕቅድ ዓይነቱ ደግሞ ለውጥ ያመጣል። ጀርመናዊው ፒተር ጎልቪትሰር ከቬሮኒካ ብራንድሽቴተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ ጽፈው በሁለት ቀን ውስጥ እንዲልኩ ጠየቀ። ሁሉም እሺ አሉ። ግማሾቹ መቼና የት ተቀምጠው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ፤ ሌሎቹ አልተጠየቁም። ቦታና ሰዓት ከወሰኑት ከሦስቱ ሁለቱ በላይ በጊዜው ላኩ። ካልወሰኑት የላኩት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው። ጎልቪትሰርና ሺራን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 በዚህ ጉዳይ የተደረጉ 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመዝኑም እንዲህ ያለው ዕቅድ ግብን ለመፈጸም የሚያደርገው እገዛ ቀላል እንዳልሆነ አገኙ።

ምክንያቱም ውሳኔው አስቀድሞ ያልቃል። «ዘንድሮ ልቦለዴን እጨርሳለሁ» ያለ ሰው በየማታው ከራሱ ጋር ክርክር ይገጥማል፤ ዛሬ ወይስ ነገ? ደክሞኛል ወይስ አልደከመኝም? «ልጆቹን አስተኝቼ ከመኝታ ቤት እንደወጣሁ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን እከፍታለሁ» ያለ ግን ክርክር የለበትም፤ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ሥራው ይጀምራል። ለእንቅፋትም እንዲሁ ማቀድ ይቻላል፦ «መብራት ከጠፋ፣ ሻማ ለኩሼ ትናንት ያተምኩትን ገጽ በእስክሪብቶ አርማለሁ።» በየጊዜው መብራት የሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ሳያቅድ ቢቀር ምሽቱ በከንቱ ያልፍበታል።

ስንት ቀን ይፈጃል የሚለውን ግምት ግን አትመኑት። ካናዳ ውስጥ ሮጀር ቡህለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ ያሉ ተማሪዎችን ስንት ቀን እንደሚቀራቸው ጠየቁ። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው 55 ቀን ተኩል ነበር፤ ባሉት ቀን የጨረሱት ከሦስት አንድ አይሞሉም። ሰው ሲገምት የሚያየው ሥራው ያለ እንከን ሲሄድ ነው። ለቅሶው፣ ጉንፋኑ፣ ድንገት የመጣው እንግዳ ግምቱ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የዘገየ ሰው ሰነፍ ነኝ ብሎ ከመደምደሙ በፊት የተሳሳተው ሥራው ይሁን ወይስ ግምቱ ቢያጣራ ፍትሐዊ ነው።

ታዲያ ረጅሙን መንገድ ምን ያስኬዳል? ተመራማሪዎቹ ቴሬሳ አማቢሌና ስቲቨን ክሬመር በሰባት ኩባንያዎች ውስጥ ፈጠራ የሚጠይቅ ሥራ የሚሠሩ 238 ሰዎች በየቀኑ የጻፉትን ወደ 12 ሺህ የሚጠጋ የውሎ ማስታወሻ አነበቡ። ሰዎቹ በደስታና በጉጉት ተሞልተው በዋሉባቸው ቀናት ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የተገኘው ነገር ምስጋናም ጉርሻም አልነበረም፤ ትርጉም አለው ባሉት ሥራ ላይ ትንሽም ብትሆን ወደፊት መራመዳቸው ነበር። እዚህ ላይ ነው ተነሣሽነት ከሥራው በፊት መምጣት አለበት የሚለው እምነት የሚፈርሰው። ትናንት የተራመደ ሰው ዛሬ ይነሣሣል።

እርምጃው ግን መታየት አለበት። የሚገነባ ግድግዳ ከሆነ ከፍ ሲል ዓይን ያየዋል፤ የልቦለድ አርባኛ ገጽ ግን ከሠላሳ ዘጠነኛው ተለይቶ አይታይም። ጋዜጠኛው ጆርጅ ፕሊምፕተን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሃቫና አጠገብ ያለውን የሄሚንግዌይን ቤት ሲጎበኝ በካርቶን ላይ የተሠራ ሠንጠረዥ ግድግዳው ላይ አየ። የየቀኑ የቃላት ብዛት ተጽፎበታል፦ 450፣ 575፣ 462፣ 1,250፣ ከዚያ ተመልሶ 512። ቁጥሮቹ እኩል አይደሉም፤ ትንሹም ከትልቁ እኩል ግድግዳው ላይ ቦታ አግኝቷል። ለሠዓሊ በየሳምንቱ በስልክ የሚነሣ ፎቶ፣ ለሙዚቀኛ ደግሞ ቀን የተጻፈበት የድምፅ ቅጂ ይህንኑ ያደርግለታል።

መቁጠርና ራስን በሽልማት መንዳት ግን ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን አጠኑ። ከሣላችሁ የወርቅ ቀለም ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ ተብለው የሣሉት፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ጨዋታ ሰዓት ለሥዕል የሰጡት ጊዜ ከሌሎቹ ልጆች ግማሽ ያህሉ ነበር። ወረቀቱን ሳይጠብቁ በድንገት ያገኙት ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። ለውድድር ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ አድናቆት ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው።

መቋረጥ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የፊሊፓ ላሊ ጥናት ለንደን ውስጥ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ልማድ ለመያዝ ሞከሩ። ልማዱ ያለ ትግል የሚሠራ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ መካከለኛው 66 ቀን ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ድረስ ይራራቃል። አንድ ቀን መዝለላቸው ሂደቱን እምብዛም አልጎዳውም። እነዚህ ልማዶች ደግሞ ውኃ እንደመጠጣትና እንደመሮጥ ያሉ ነበሩ፤ መጻፍ ከዚያ ቢረዝም የሚደንቅ አይደለም።

የሚጎዳው ከዘለሉ በኋላ የሚመጣው ራስን መውቀስ ነው። ማይክል ዎልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 119 የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ተከታተሉ። ለመጀመሪያው ፈተና ሳያጠኑ ጊዜ ካጠፉት መካከል ለራሳቸው ይቅርታ ያደረጉት ለሁለተኛው ፈተና ማጓተታቸውን ቀነሱ። ራሱን የሚወቅስ ሰው ደብተሩን ባየ ቁጥር ያፍራል፤ ከሚያሳፍረው ነገር ደግሞ ሰው ይሸሻል። ብዙዎቻችን ሳምንት ካቋረጥን በኋላ «እንግዲህ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ» የምንለውም ለዚህ ነው። አዲስ መነሻ ኃይል እንዳለው እውነት ነው፤ ሄንግቼን ዳይ፣ ኬቲ ሚልክማንና ጄሰን ሪስ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት ሰዎች በዓመት መባቻ ወደ ስፖርት ቤት መሄድ ያበዛሉ። ግን በዚያው ጥናት በሳምንት መጀመሪያና በወር መባቻም እንዲሁ አድርገዋል። በጥር ያቋረጠ ሰው መስከረምን መጠበቅ የለበትም፤ መጪው ሰኞ ይበቃዋል። የዚያን ዕለት ሥራም አዲስ ገጽ መሙላት ላይሆን ይችላል፤ ያለፈውን ምዕራፍ አንብቦ፣ ግርጌው ላይ ያለውን መስመር አግኝቶ፣ ማክሰኞ በስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ መወሰን የሰኞን ምሽት ይሞላል።