ስኳር ያለበት ሰው ቤት

ስኳር ያለበት ሰው ከሐኪም የሚሰማው ምክር ለእርሱ ብቻ የተነገረ ነው፤ ጣፋጭ ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። ምክሩ ስህተት የለበትም። ነገር ግን የሚነገረው ለአንድ ሰው ሲሆን የሚፈጸመው ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ ነው። ከገበያ ምን እንደሚመጣ፣ ራት በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ፣ ቴሌቪዥኑ መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው አይደለም። ስለዚህ ቤቱን ሳያይ ሰውየውን ብቻ የሚያክም ሕክምና ጎዶሎ ነው እላለሁ።

«ሰው ለገዛ አፉ ራሱ ነው ተጠያቂው» የሚሉ አሉ። ለእነርሱ መልስ የሚሆን ማስረጃ ከአሜሪካ አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ እጅግ ድሃ በሆኑ ሰፈሮች በመንግሥት ቤት የሚኖሩ፣ ልጆች ያሏቸው 4,498 ሴቶች በዕጣ ተመደቡ። አንዱ ወገን ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር የሚዛወርበት የኪራይ ድጎማ ተሰጠው። የአመጋገብ ትምህርትም ሆነ ክኒን የዚህ ድጎማ አካል አልነበረም። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ደማቸው ሲመረመር፣ የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳርን በሚያሳየው ምርመራ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የተገኘባቸው ሴቶች ድርሻ፣ ድጎማው በተሰጠው ወገን ከ4 በመቶ ነጥብ በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። የለያቸው ዕጣ እንጂ ጠባይ አይደለም፤ ልዩነቱን በጉብዝናና በስንፍና ማስረዳት አይቻልም። እርግጥ ጥናቱ ከምግቡ፣ ከእግር መንገዱና ከሰላሙ የትኛው እንደረዳ ለይቶ አይነግረንም። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ሲገቡ በመካከላቸው ስኳር ብርቅ ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ተስፋፋ። በአንድ ትውልድ ዘር አይለወጥም፤ የተለወጠው ገበታውና የዕለት ሥራው ነው።

በእኛ ቤት ጉዳዩ ከገበታው ይጀምራል። ከአንድ ትሪ በጋራ ሲበላ ማን ስንት እንጀራ እንደበላ አይታወቅም፤ ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም። ሕመምተኛውን ለብቻው ማብላት መፍትሔ አይመስለኝም፤ ብቸኝነትም ያሳምማል። ይልቅ ትሪው ይለወጥ፤ ጎመኑና ምስሩ ይብዛ፣ እንጀራው ይቀነስ፤ ለሌላውም ቤተሰብ ይጠቅማል። እንቅልፍም የቤት ጉዳይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በታተመ ጥናት 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ6 ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ ሰውነታቸው ስኳርን ከደም የማጽዳት አቅሙ በጉልህ ቀንሷል። ጭቅጭቅ ሲበዛም በጭንቀት ጊዜ የሚመነጩት ሆርሞኖች ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያዛሉ፤ ምንም ያልበላ ሰው ስኳሩ ከፍ ሊል ይችላል።

«ድሃ ቤቱን በምን ይለውጠዋል?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ኪራይና ገቢ በምክር አይስተካከሉም። ሆኖም ሁሉም ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ የቤቶችን ሙቀት ለክተው ነበር፤ በቀን ውስጥ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይዋዥቃል። በዚሁ ሙቀት ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከቆየው ጋር ሲነጻጸር ኃይሉ እንዳልቀነሰ በ2021 አሳተሙ። ፍሪጅ የሌለው ቤት በእርጥብ ሸክላ የሚቀዘቅዝ ጥላማ ቦታ ቢያዘጋጅ ኢንሱሊኑን ከባሰ ሙቀት ይጠብቀዋል። የአጠባበቁን ዝርዝርና የሚቆይበትን ጊዜ ግን ከሚከታተሉት ሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ቤተሰብ ዘበኛ ይሆናል የሚለው ስጋት እውነት አለው። በየጉርሻው የሚገሠጽ ሰው ተደብቆ መብላት ይጀምራል፤ ልኬቱንም ይደብቃል። ስለዚህ የቤተሰቡ ድርሻ ቁጥጥር ሳይሆን አብሮ መብላት፣ ከምግብ በኋላ አብሮ መራመድ፣ የአደጋ ምልክትንም ማወቅ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተዛባ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። መዋጥ ከቻለ ወዲያው በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ይሰጠው፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሕክምና መውሰድ ነው። ይህን ከሕፃናቱ በስተቀር የቤቱ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ በዚያ ሰዓት ሕመምተኛው ራሱን መርዳት አይችልምና።