ሙልሙል ከቤት የሚወጣበት ሰሞን

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ከጌታችን ዘጠኙ ዐበይት በዓላት አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ መውጣቱን፣ በፊታቸው መልኩ መለወጡን፣ ሙሴና ኤልያስም መገለጣቸውን ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ ምዕራፍ 17 ጽፎታል። ምሥጢሩን ሊቃውንቱ በየዐውደ ምሕረቱ ስለሚያመሰጥሩት እኛ ዛሬ ወደ ማጀት ዘልቀን ስለ ሊጡ እንናገራለን።

ስለ ሊጡ ለመናገር ደግሞ የበዓሉን ስም ከምትጠራው ከተማ የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ራስ ጉግሣ መርሶ መቀመጫቸው ያደረጓት ደብረ ታቦር ከገሊላው ተራራ ስሟን ወርሳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በአቅራቢያዋ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ወደ መቅደላ ሲያመሩ ከተማይቱን በእሳት አጋይተዋታል። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገሥታትና መሳፍንት እንደ ተፈራረቁባት የታሪክ ጸሐፊዎች ይቁጠሩት። የደብረ ታቦር ኢየሱስ በዓል ግን በየዓመቱ ሲመጣ የፋርጣና የጋይንት እናቶች ሊጥ ማቡካታቸውን አልተዉም።

በዓሉ የሚውለው በጾመ ፍልሰታ መካከል ነው። ስለዚህ በሙልሙሉ ውስጥ ወተትም ቅቤም እንቁላልም አይገባም። ወሩም ቢሆን ነሐሴ ነው፤ የአምናው እህል ከጎተራው ታች የደረሰበት፣ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ አረንጓዴ የሆነበት። በጉና ግርጌ ላለ ገብስና ድንች አብቃይ ገበሬ ነሐሴ ላይ ስንዴ አስፈጭቶ ለሰው ልጅ ዳቦ መጋገር ቀላል ወጪ አይደለም። በጥቅምት ከሞላ ጎተራ የሚሰጥ ዳቦና በነሐሴ ከተሟጠጠ ጎተራ የሚሰጥ ዳቦ በእኛ ሚዛን እኩል አይመዝኑም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የስንዴው ዱቄት በወንፊት ይነፋል፤ በእርሾ ይቦካና ተሸፍኖ ያድራል። ቤት ያፈራው ጥቁር አዝሙድ ወይም ድንብላል ጣል ይደረግበታል። ነሐሴ 12 ቀን ሊጡ ኩፍ ሲል እናት በእጇ እየቆረሰች ሞላላ አድርጋ ታሙለሙለዋለች፤ ስሙም ከዚሁ ከማሙልሞል የተገኘ ነው። ከዚያም በጋለ ምጣድ ላይ ተደርድሮ አክንባሎ ይደፋበታል። ዛሬ በከተማ ቤቶች ስኳርና ዘቢብ የሚጨምሩ አሉ፤ አንነቅፋቸውም፤ ልጅ ጣፋጭ ይወዳል። ነገር ግን ከምጣዱ የወጣ ትኩስ ሙልሙል፣ ጠርዙ ቀላ ብሎ፣ በዝናብ በራሰ ልጅ እጅ ሲገባ የሚሰጠውን ጣዕም ስኳር የሚጨምርለት አይመስለንም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የቤት ድካም ለቤት አለመሆኑ ነው። ሙልሙል የሚጋገረው ከቤት ውጭ እንዲበላ ነው። ልጆቹ ዱላቸውን እየመቱ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ፤ ባለቤቲቱም ሙልሙሉን ታወጣላቸዋለች። የክርስትና አባትና እናትም ለክርስትና ልጆቻቸው ድርሻቸውን ያስቀምጣሉ። ሲመሽ ችቦ ይበራል። አበው እንደሚተርኩት፣ ጌታ በተገለጠ ጊዜ ብርሃኑ ሌሊቱን ቀን ስላስመሰለው እረኞች ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቆዩ፤ ወላጆችም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ልጁ የት እንደ ዋለ ሳያውቅ ዳቦ ይዞ የሚወጣ ወላጅ ትውፊት ነውና ሙልሙል ዛሬም በደጅ ይሰጣል፤ በሜዳም ይበላል።

ከቃጫ ወይም ከልጥ ተገምዶ የሚጮኸው ጅራፍም ትርጓሜ አለው፤ በደመናው ውስጥ የተሰማውንና ደቀ መዛሙርቱን በግምባራቸው የደፋውን የአብን ድምፅ ያስታውሳል ይላሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር በቀረበ ጊዜ በከተማይቱ የተሰማው የከባድ መሣሪያ ድምፅ ነበር። ጅራፍ ሲጮኽ የሚስቅ ሕፃን በዚያ ሰሞን ምን ሰምቶ ምን እንደ ተማረ ማሰብ ያስጨንቃል።

በደቡብ ጎንደር ስለ ቡሄ ሲነሣ የቆሎ ተማሪውን መዝለል ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። አገሩ የጉባኤ ቤት አገር ነው። የድጓ ምስክር የሚገኝባት ቤተልሔም በጋይንት ናት፤ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባም በዚሁ ምድር ናት። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይቆማል። የሰጡትን ይቀበላል፤ አንዳንዴም ቁራሽ ሳያገኝ ውሻ አሳድዶት ይመለሳል። ደብረ ታቦር ሲደርስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው ስለ ደብረ ታቦር እያሉ እህሉን፣ ጌሾውን፣ ብቅሉን ከመንደሩ ይሰበስባሉ። ጠላውን ይጠምቃሉ፤ ዳቦውን ይጋግራሉ። በዕለቱም መምህራቸውንና ያንኑ ሲያበላቸው የከረመውን የመንደር ሰው ጠርተው፣ ቆመው ያስተናግዳሉ። ሲለምን የኖረ ልጅ በዚያች ቀን ጋባዥ ነው። ውሻ የለቀቀችበት ሴት ሳትቀር ከፊቱ ተቀምጣ ከእጁ ትበላለች።

ተማሪዎች ይህን በዓል የራሳቸው ያደረጉበትን ምክንያት ብዙዎች በየበኩላቸው ይናገራሉ። ለእኛ የሚታየን አንድ ነገር ነው፤ በተራራው የነበሩት ሦስቱ በግእዝ ደቀ መዛሙርት ይባላሉ፤ የጉባኤ ቤቱም ልጅ ደቀ መዝሙር ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በዚያ ተራራ ሦስት ዳስ ልሥራ ሲል ለራሱ አንድ እንኳ አለማሰቡም ከዚህ ድግስ ጋር የሚስማማ ነገር አለው።

ዛሬ በአዲስ አበባም በክልል ከተሞችም ልጆች ሆያ ሆዬ ሲሉ የሚጠብቁት ብር ነው። በሆቴልና በሱቅ በር ላይ ይጨፍራሉ፤ ብሩን ይካፈላሉ፤ ከዳቦ ቤትም የፈለጉትን ይገዛሉ። ልጆቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ጥያቄው ወደ ምጣዱ ባለቤት ቢዞር እንመርጣለን። ልጅ የተሰጠውን ይቀበላል፤ ምጣዱን ያልጣደው አዋቂው ነው። ከኪስ የሚወጣ ብር ፈጣን ነው፤ ሰጪው ተቀባዩን ቀና ብሎ ሳያይ ሊሰጠው ይችላል። ሙልሙል ግን ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ስንት ልጅ ይመጣ ይሆን ብሎ መቁጠርን ይጠይቃል። የማን ልጅ ዘንድሮ አድጎ ከጭፍራው ቀረ፣ የማንስ ልጅ ገና መዞር ጀመረ ብላ የምታስብ እናት ሊጡን በዚያው ልክ ታቦካለች፤ ሁለት ሦስትም ትጨምራለች፤ ከማዶ መንደር የሚመጣ አይታጣምና።

ከበዓሉ ማግስትም ጾሙ እስከ ነሐሴ 16 ይቀጥላል። የተረፈ ሙልሙል ቢኖር ይደርቃል፤ እረኛውም በአገልግሉ ይዞት ወደ መስክ ይወርዳል።