ከመሐል ያለው በሬና ከዳር ያለው በሬ

ዛሬ የምንማረው ስለ ክባዊ እንቅስቃሴ ፍጥነት ነው፡፡

ከወልድያ ወደ መርሳ ስትወርዱ፣ በሀብሩ ገጠር አዝመራው ተሰብስቦ ውቂያ ሲጀመር፣ በሬዎች አውድማ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ሲዞሩ አይታችኋል፡፡ ዙሩን አብረው ይጀምራሉ፤ አብረውም ይጨርሳሉ፡፡ ታዲያ የሁሉም ድካም እኩል ነውን? እስኪ እናስላው፡፡

ሦስት በሬዎች አሉ እንበል፡፡ የውስጡ ከአውድማው መሐል 2 ሜትር፣ የመካከለኛው 3 ሜትር፣ የዳሩ 4 ሜትር ይርቃል፡፡ ይህ ርቀት ሬዲየስ ይባላል፡፡ አንዱን ዙር የሚጨርሱት በ20 ሴኮንድ ነው፡፡

1ኛ/ የማዕዘን ፍጥነት፡- በአንድ ሴኮንድ ስንት ማዕዘን እንደ ዞሩ ይነግረናል፡፡ ሙሉ ዙር 360 ዲግሪ ነው፡፡ 360 ÷ 20 = 18፡፡ ሦስቱም በየሴኮንዱ 18 ዲግሪ ስለሚዞሩ የማዕዘን ፍጥነታቸው እኩል ነው፡፡

2ኛ/ መስመራዊ ፍጥነት፡- እግራቸው በአንድ ሴኮንድ የሚሄደው ርቀት ነው፡፡ የአንድ ዙር ርዝመት 2 × 3.14 × ሬዲየስ ነው፡፡
የውስጡ በሬ፡- 2 × 3.14 × 2 = 12.56 ሜትር፤ ለ20 ሲካፈል በሴኮንድ 0.63 ሜትር ገደማ፡፡
የዳሩ በሬ፡- 2 × 3.14 × 4 = 25.12 ሜትር፤ ለ20 ሲካፈል በሴኮንድ 1.26 ሜትር ገደማ፡፡

አያችሁ ልጆች! ከመሐል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መስመራዊ ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል፡፡ 100 ዙር ቢዞሩ የውስጡ 1,256 ሜትር፣ የዳሩ ግን 2,512 ሜትር ይሄዳል፡፡ ስለዚህ የዳሩ በሬ ሲያለከልክ ብታዩ ሰነፍ ነው ብላችሁ አትምቱት፡፡ ይልቅስ ቦታቸውን እንዲለዋወጡ ለአባታችሁ ንገሩ፡፡

ይህ ትምህርት ለራሳችሁም ይጠቅማል፡፡ ወፍጮ ቤት ስትላኩ ቀበቶው የሚዞርበትን ሽክርክሪት ተመልከቱ፡፡ ሬዲየሱ 0.3 ሜትር ሆኖ በሴኮንድ 10 ጊዜ ቢዞር፣ የጠርዙ ፍጥነት 2 × 3.14 × 0.3 × 10 = 18.84 ሜትር በሴኮንድ ነው፡፡ ይህም በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፡፡ አስፋልት ላይ እንደሚበር መኪና መሆኑ ነው! ባለበት ስለሚዞር ብቻ የማይጎዳ ይመስላል፡፡ ነጠላችሁን ወይም ጋቢያችሁን ከያዘ ግን እጃችሁን ለማሸሽ ፋታ አይሰጥም፤ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፡፡

ጥያቄ፡- የመካከለኛው በሬ መስመራዊ ፍጥነት ስንት ነው? በሴኮንድ 0.94 ሜትር ገደማ ካገኛችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል፡፡